እውነት ወይስ ተረት? ደን ሲመለስ የዛፎች ጉርብትና

በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ብዙ የተራቆቱ ተራሮች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተደርገው ከተከለሉ ዓመታት አልፈዋል። ድንጋይ ብቻ የነበረበት ገመገም ዛሬ ክትክታ ለብሷል፤ ከክትክታው መሀል ግራር ብቅ ብቅ ብሏል፤ አልፎ አልፎም ወይራ ይታያል። ይህን የሚያይ ሰው ሁሉ ስለ ዛፎቹ የራሱ ፍርድ አለው። አንዱ «ይሄ ቁጥቋጦ ካልተመነጠረ ዛፍ አይበቅልም» ይላል፤ ሌላው «ጽዱ መካን ሆነ» ብሎ ያዝናል፤ ሦስተኛው ባሕር ዛፍን ይረግማል። ከእነዚህ አባባሎች መካከል ጨርሶ ስህተት የሆነ አለ፤ ግማሽ እውነት የያዘም አለ። አብዛኞቹ የሚስቱት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሁለት ተክሎች ዛሬ ያላቸውን ግንኙነት የዘላለም አድርገው ይወስዱታል። በሦስተኛው ዓመት ሞግዚት የነበረ ተክል በሃያኛው ዓመት ባላንጣ ሊሆን ይችላል። በማንኛውም ዛፍ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ደኑ ስንት ዓመቱ እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

«ቁጥቋጦ የዛፍ ጠላት ነው፤ መጀመሪያ ይመንጠር»

ተረት ነው፤ ያውም ብዙ ችግኝ የፈጀ ተረት። ክረምት ገብቶ ለተከላ ሲወጣ በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚደረገው ክትክታውን፣ ደደሆውንና አጋሙን ጨፍጭፎ ቦታውን ማጽዳት ነው። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ችግኙ ይተከላል፣ ነሐሴ ላይ ሁሉም ለምልሞ ዓይን ይማርካል። ፈተናው የሚመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ዝናቡ ይቆማል፤ ቀኑን ሙሉ የሚወርደው ፀሐይ የገላጣውን መሬት ላይኛ አፈር ያግለዋል፤ ሥሩ ገና ጥልቅ ያልገባ ችግኝ የሚጠጣው ያጣል። ሌሊቱ ደግሞ በደጋው ውርጭ ያመጣል። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ፍየል ትደርስበታለች።

አሁን አንድ የአጋም ቁጥቋጦ ገለጥ አድርገን እንይ። ከውጭ ሲታይ እሾህ ብቻ ነው፤ እጅ ማስገባት ያስቸግራል። ውስጡ ግን የረገፈ ቅጠል ተነጥፎ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ውጭ ካለው ይልቅ ጠቆር ያለና ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። በዚያ መሀል አንዳንዴ ቀጭን ግንድ ያለው፣ የቅጠሉ ላይ ጥቁር አረንጓዴ የቅጠሉ ጀርባ ደግሞ ወርቃማ ቡናማ የሆነ ቡቃያ ቆሞ ይታያል። ወይራ ነው። ማንም አልተከለውም፤ ወፍ ዘራሽ ነው። የአጋሙን ፍሬ ልትበላ ወይም ልታርፍ የመጣች ወፍ ሌላ ቦታ የበላችውን የወይራ ፍሬ ዘር እዚያው ጥላው ሄደች። ቁጥቋጦው መጀመሪያ ለወፏ ማረፊያ ሆነ፤ ቀጥሎ ለዘሩ ጥላና እርጥበት ሰጠ፤ ከዚያ ለቡቃያው አጥር ሆነ። ወይራ በገላጣው ላይ ሳይሆን በቁጥቋጦ ሥር የሚገኘው በአጋጣሚ አይደለም።

ይህን ራፍ አርትስ የተባለው ቤልጅየማዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በትግራይ ደጋ ላይ በሙከራ አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ሥራቸው በፈር ቀዳጅ ቁጥቋጦዎች ሥር የተተከለ የወይራ ችግኝ ገላጣ ላይ ከተተከለው የተሻለ በሕይወት የመቆየት ዕድል እንዳለው አሳይተዋል። ግራር ካለ ደግሞ ሌላ ጥቅም ይጨመራል፤ በሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያበለጽጋል።

ይሁንና ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ወይራው አድጎ ከአጋሙ ወይም ከክትክታው ራስ በላይ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ክትክታ ብርሃን ወዳድ ነው፤ ጥላ ሲወድቅበት ቅጠሉ ይሳሳል፣ ከታች ይደርቃል፣ ውሎ አድሮ ይሞታል። ያሳደገውን ዛፍ ጥላ መቋቋም ያቅተዋል ማለት ነው። በዚያው ልክ፣ ቁጥቋጦው ከመጠን በላይ ከደፈነ ወጣቱን ዛፍ በውሃ ሊሻማው ይችላል፤ በተለይ የሁለቱም ሥር አንድ ጥልቀት ላይ ሲደርስ። ስለዚህ መመንጠር ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጊዜው ተሳስቷል ነው የምለው። ችግኙ ሕፃን ሳለ ቁጥቋጦው አይነካ፤ የዛፉ ጫፍ ወጥቶ ፍየል ከምትደርስበት ከፍታ ሲያልፍ በዙሪያው ያለውን ማሳሳት ይቻላል። እኛ ግን በብዙ ቦታ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ በሚያስፈልግበት ዓመት እንጨፈጭፈዋለን፣ በሚያንቅበት ዓመት እንተወዋለን።

«ጽድ ከጽድ ሥር ይተካል»

ወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው የሱባ መናገሻ ደን የገባ ሰው ትልልቆቹን ጽዶች አንጋጦ ማየቱ አይቀርም። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን ዘር መጥቶ እንደተተከለ በትውፊት የሚነገርለት ደን ነው። አንጋጦ ያየ ሰው ወደ ታች ሲመለከት ግን ግር ይለዋል፤ ጥቅጥቅ ባለው ጥላ ሥር የጽድ ልጆችን ፈልጎ ማግኘት ይከብደዋል። ብዙዎች ይህን አይተው «ጽዱ ታመመ»፣ «ዘሩ መከነ» ይላሉ።

የሐበሻ ጽድ ግን አልታመመም። ብርሃን የሚፈልግ ዛፍ ነው። ፍሬውን ወፎች እየበሉ ይበትኑታል፤ ቃጠሎ ባለፈበት፣ ዛፍ ወድቆ ሰማይ በተከፈተበት፣ ወይም የተተወ ግጦሽ መሬት ላይ ሲያርፍ በደንብ ይይዛል። በእናቱ ጥቁር ጥላ ሥር የበቀለው ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ኮሶም እንደዚሁ ነው፤ ትልቅና የተከበረ ዛፍ ስለሆነ የድሮ ደን ምልክት አድርገን እናየዋለን፣ በባሕርዩ ግን ክፍት ቦታ የሚይዝ ፈር ቀዳጅ ነው። ዝግባ ከእነዚህ ይለያል። ቡቃያው ጥላ ችሎ፣ በዝግታ፣ ለዓመታት ከትልልቆቹ ሥር መጠበቅ ይችላል። ጽዱ አርጅቶ ሲወድቅ ቦታውን የሚወስደው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲጠብቅ የኖረው ነው። ስለዚህ ጽድ መሬቱን የሚይዘው ለልጆቹ ሳይሆን ለሌሎች ዝርያዎች ነው ማለት ይቻላል፤ የራሱ ልጆች ሌላ ክፍት ቦታ መፈለግ አለባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጽድ ሥር የጽድ ቡቃያ አለመኖሩ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው የማንም ቡቃያ አለመኖሩ ነው። ከጥላው ሥር ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት ወይም ሎል ካለ ደኑ እየተተካ ነው። ከትልልቆቹ ግንዶች ሥር የተረገጠ አፈርና የከብት ኮቴ ብቻ ከታየ ግን ያ ደን ትልልቆቹ ሲሞቱ አብሮ ያልቃል። አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ቤተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ባካሄደው ጥናት የከብት መግባት ቡቃያዎችን ምን ያህል እንደሚጎዳ በግልጽ አሳይቷል። በዙሪያቸው የድንጋይ ካብ መሠራቱ ለብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው።

«ቡቃያ ከእናቱ ጉያ ይሻለዋል»

ይህም ተረት ነው፤ ጥላ ለሚችለው ዛፍ እንኳ። እ.ኤ.አ. በ1970 ዳንኤል ጃንዘን፣ በ1971 ደግሞ ጆሴፍ ኮኔል፣ ተለያይተው እየሠሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ። በትልቅ ዛፍ ሥርና ዙሪያ የዚያን ዛፍ ዘርና ቡቃያ ለይተው የሚያጠቁ ነፍሳትና ፈንገሶች ይሰበሰባሉ። ዘሩ ከእናቱ በራቀ ቁጥር ከእነዚህ ጠላቶች ያመልጣል። በእናቱ ሥር ከሞቱት ልጆች የተረፈውን ቦታ የሌላ ዝርያ ቡቃያ ይይዘዋል፤ አንድ ዝርያ ብቻውን ደኑን እንዳይወርስ የሚያግደው አንዱ ነገር ይህ ነው። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ በፓናማው ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ባለው 50 ሄክታር የጥናት ደንና በሌሎችም ቦታዎች ተፈትኖ በብዙ ዝርያዎች ላይ ተረጋግጧል፤ ጥንካሬው ግን ከዝርያ ዝርያ ይለያያል።

በሚመለስ ደን ውስጥ ይህ ጉዳይ የራሱ ጊዜ አለው። ገና በተያዘ መሬት ላይ ከየዝርያው ጥቂት ዛፍ ብቻ ስላለ፣ ለዚያ ዝርያ የተለዩት ጠላቶች የሚሰበሰቡበት ነገር አያገኙም። ዛፎቹ በዝተው፣ አርጅተው፣ አፈሩም የየራሳቸውን ፈንገስ ሲያከማች ግን ወንድማማች ቡቃያዎች እርስ በርስ መቀራረባቸው ይጎዳቸዋል። አንድ ዓይነት ችግኝ በረድፍ ደርድሮ «ደን ተከልን» የሚለው አሠራር የሚዘነጋው ይህን ነው።

«ዛፎች ይረዳዳሉ እንጂ አይሻሙም»

ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ በዚህም ምክንያት በፍጥነት ተሰራጭቷል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1997 ሱዛን ሲማርድና ባልደረቦቿ በካናዳ፣ በብሪትሽ ኮሎምቢያ፣ በሁለት የዛፍ ዝርያዎች መካከል ካርቦን እንደሚተላለፍ ያሳዩበት ሙከራ ነው። ከዚያ ወዲህ «እናት ዛፍ ልጆቿን በፈንገስ መረብ ታጠባለች» የሚል ወሬ ዓለምን ሞላ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጀስቲን ካርስትና ሁለት ባልደረቦቿ ማስረጃውን አንድ በአንድ መርምረው፣ እውነተኛ ደን ውስጥ ለዚህ አባባል በቂ መሠረት እንደሌለ ጽፈዋል።

ፈንገሱ ራሱ ግን እውነት ነው፤ ጥቅሙም ትልቅ ነው። ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች ውስጥ ያጠኗቸው አገር በቀል ዛፎች በሥራቸው ውስጥ ከአፈር ማዕድን እየሰበሰበ የሚሰጥ ፈንገስ እንዳለ አግኝተዋል። የተራቆተ መሬት ይህን ፈንገስም ያጣል። አንዳንድ ችግኝ ጣቢያዎች ከደን ሥር ትንሽ አፈር አምጥተው ከፕላስቲኩ አፈር ጋር የሚቀላቅሉት ተገቢ ሥራ ነው። ሆኖም በአንድ ፈንገስ የተገናኙ ሁለት ዛፎችም ለብርሃንና ለውሃ መሻማታቸውን አይተዉም፤ የፈንገሱ ጥቅምና ሽሚያው በአንድ ጊዜ ይኖራሉ።

«ባሕር ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም»

ግማሽ እውነት። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው፤ ስሙ ግን ከደረቀ ምንጭና ከተራቆተ መሬት ጋር ይነሣል። ስለ ሰብል የሚቀርበው ክስ መሠረት አለው። ሊሳነወርቅ ንጋቱና አንደርስ ሚከልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሥራ፣ ከሦስት የባሕር ዛፍ ዝርያዎችና ከፈረንጅ ጽድ ቅጠል የተጨመቀ ውሃ የሽምብራን፣ የበቆሎን፣ የአተርንና የጤፍን መብቀልና የሥር ዕድገት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ማሳ ዳር ባሕር ዛፍ የተከለ ጎረቤት ያለው ገበሬ ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል።

ስለ ደን ስናወራ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ፈይራ ሰንበታና ደመል ተክታይ በመናገሻ፣ በኋላም በሙነሳ ሻሸመኔ ደን ውስጥ ባደረጓቸው ጥናቶች በባሕር ዛፍ፣ በፈረንጅ ጽድና በፓይን ተክሎች ሥር በርካታ አገር በቀል ዝርያዎች በራሳቸው መብቀላቸውን መዝግበዋል። ምክንያቱ ከአጋሙ ምክንያት ብዙም አይርቅም። ተክሉ ጥላ ይሰጣል፤ ቡቃያውን የሚያንቀውን ሣር ያዳክማል፤ የሙቀቱንና የውርጩን ኃይል ይቀንሳል፤ ወፎችና ጦጣዎች በአቅራቢያ ካለው የተፈጥሮ ደን ዘር ያመጣሉ።

በቅርብ የተፈጥሮ ደን መኖሩ ነው ቁልፉ። ዘር የሚመጣበት ከሌለ፣ ባሕር ዛፉ በየአምስት በየሰባት ዓመቱ ከተቆረጠ፣ ቅጠሉ በየቀኑ ለማገዶ ተጠርጎ ከተወሰደ፣ ከብትም ከተለቀቀበት ሥሩ ባዶ መሆኑ አይቀርም። በከተማ ዙሪያ የምናየው ባሕር ዛፍ አብዛኛው እንዲህ ያለ ስለሆነ አባባሉ እውነት ይመስላል። ሞግዚት ሆኖ የሚያገለግለው ተክል እንኳ ለዘላለም አያገለግልም፤ ከሥሩ ያሉት አገር በቀሎች ቁመት ሲያወጡ ከላይ ያለው ካልሳሳ ታፍነው ይቀራሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን መቁረጥም አይሆንም፤ ጥላ የለመደ ቡቃያ በድንገት ፀሐይ ላይ ይወድቃል፣ የሚወድቀው ግንድም ይሰብረዋል። ጥቂት ጥቂቱን፣ በተለያየ ዓመት ማንሣት ነው።

«ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፤ መከለል ብቻ ይበቃል»

ይህ ብዙ ጥሩ ሥራ የሠሩ ሰዎች ጭምር የሚያምኑት ነው። ደመል ተክታይና አንደርስ ግራንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1995 በደረቅ የደጋ ደኖች አፈር ውስጥ ያለውን የዘር ክምችት አጥንተው፣ ክምችቱ በአብዛኛው የሣርና የለስላሳ ተክል እንደሆነ፣ የዋናዎቹ ዛፎች ዘር ግን አፈር ውስጥ ብዙ እንደማይቆይ አግኝተዋል። የእነዚህ ዛፎች መጠባበቂያ ከጥላ ሥር የቆሙት ቡቃያዎች ናቸው። ደኑ ተመንጥሮ መሬቱ ለዓመታት ከታረሰ ሁለቱም አይኖሩም።

ያለው ተስፋ ሁለት ነው። አንዱ ጉቶ ነው። ወይራ፣ ብሳናና ብዙ የግራር ዓይነቶች ከተቆረጡ በኋላ ከጉቷቸው ያቆጠቁጣሉ፤ የሐበሻ ጽድ አያቆጠቁጥም። በወላይታ ሁምቦ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር መሬት ላይ የተሠራው ሥራ በዋናነት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነበር፤ ከጉቶው ከወጡት ብዙ ቅርንጫፎች ጠንካራዎቹን መርጦ ማስቀረትና ሌላውን መግረዝ። በዚህ መንገድ የሚመለሰው ደን ግን ማቆጥቆጥ የሚችሉት ዛፎች ደን መሆኑ ልብ ይባል፤ የጉቶ ደን ያለ ጽድ ይጀምራል። ሁለተኛው ተስፋ በአካባቢው የቀረ ዘር ሰጪ ዛፍ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ደን፣ በማሳ መሀል የቆመ ዋርካ፣ የወንዝ ዳር ዶቅማ፣ ከዘሩም በላይ ዘሩን የሚያመጡት ወፎች።

«የተመለሰው ደን የድሮው ደን ነው»

ወሎ፣ ተሁለደሬ ውስጥ ያሉት የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች ለዚህ ጥያቄ መልስ አላቸው። በየዓመቱ ሐይቁ ውስጥ የሚወድቀው የአበባ ብናኝ ከደለሉ ጋር ተደራርቦ ይቀመጣል። ኢየን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና መሐመድ ዑመር ይህን ደለል ቆፍረው አውጥተው ያለፉትን 3,000 ዓመታት ዕፅዋት ተከታትለው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። መጀመሪያ የነበረው የዝግባና የጽድ ደን ነው። ከዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ በፊት ደኑ ተመነጠረ፤ ቦታውን ክትክታና ሣር ያዘው፤ ይህም 1,800 ዓመታት ያህል ቆየ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደን ተመልሶ ተስፋፋ። የተመለሰው ግን ጽድ የመራው፣ ወይራና ቀውት የተቀላቀሉበት ደን ነበር። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደገና ተመነጠረ።

ይህን ሳነብ በጣም የገረመኝ 1,800 ዓመቱ ነው። ክትክታ ወደ ደን የሚያደርስ አጭር መንገድ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ፣ ከብቱና መጥረቢያው ካላባራ ግን ለስልሳና ለሰባ ትውልድ የሚቆይ ራሱን የቻለ መልክዐ ምድር ይሆናል። ደን የተወሰነ ደረጃ እየወጣ ሁልጊዜ አንድ መድረሻ ላይ ይደርሳል የሚለው የአሜሪካዊው ፍሬድሪክ ክሌመንትስ እ.ኤ.አ. የ1916 አስተሳሰብ እንዲህ ያለውን አይገልጽም። ሄንሪ ግሊሰን እ.ኤ.አ. በ1926 የተከራከረው፣ እያንዳንዱ ዝርያ እንደ ራሱ ባሕርይና እንዳገኘው ዕድል ይመጣል የሚለው፣ ለሐይቁ ደለል ይቀርባል።

በጊዜ ስንለካው ደግሞ ሁሉም ነገር እኩል አይመለስም። ሉረንስ ፖርተርና ብዙ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 በላቲን አሜሪካና በምዕራብ አፍሪካ 77 ሥፍራዎች የሚገኙ ዳግም የበቀሉ ሞቃታማ ደኖችን አነጻጽረው ነበር። ከነባር ደን ጋር ለመቀራረብ አፈሩ ከ10 ዓመት ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል፤ የደኑ ቁመናና የዝርያው ብዛት ከ25 እስከ 60 ዓመት፤ የትኛው ዝርያ ከየትኛው ጋር ይኖራል የሚለው ግን ከ120 ዓመት በላይ ይወስዳል። በቀዝቃዛውና በደረቁ ደጋችን ከዚህ ቢዘገይ እንጂ አይፈጥንም ብዬ አምናለሁ። በአሥረኛ ዓመቱ «ደኑ ተመለሰ» ተብሎ ሪፖርት የሚደረግለት ተራራ አፈሩ አገግሞ ሊሆን ይችላል፤ ጉርብትናው ግን ገና መጀመሩ ነው።

ይህን ጉርብትና ማገዝ ግን ይቻላል። ዝግባና ጥቁር እንጨት ወፍ በምትደርስበት ርቀት ዘር ሰጪ ከሌላቸው በራሳቸው አይመጡም፤ መትከል ያስፈልጋል። ግን በመጀመሪያው ክረምት ገላጣ ላይ ሳይሆን፣ ተራራው ተከልሎ ክትክታውና ግራሩ ጥላ ከሠሩ በኋላ፣ ከእነሱ ሥር። ለዚህ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ነው። የዝግባ ዘር ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ለመብቀል ጊዜ ይፈልጋል፤ የጥቁር እንጨት ዘር በተቃራኒው ከተለቀመ በኋላ ቶሎ ካልተዘራ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ችግኝ ጣቢያው የለመደው ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ከሆነ፣ ዝግባንና ጥቁር እንጨትን የሚፈልግ ቀበሌ የፍሬያቸውን ወቅት ጠብቆ ዘሩን የሚለቅም ሰው ከወዲሁ መመደብ ይኖርበታል።